ሰባተኛው ክብ

ደምሌ ለጤና ጣቢያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊሠራ ተዋውሎ ወረቀት ላይ ሰባት ክብ ሥሏል። በየክቡ ውስጥ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የሚሠራው አንድ አንድ ሥራ ተጽፏል፤ ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መፈለግ፣ ክትባት መመዝገብ፣ እያለ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ገና አልመጣም። ደምሌ ግን የኮምፒውተሩን ገጽ በወፍራም ወረቀት ሠርቶ፣ ሰው በጣቱ ሲጫነው ቀጣዩን ወረቀት እያቀበለ ይሞክረዋል። ፕሮቶታይፕ ነው ይላል። ዓርብ ገምጋሚዎች ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ ይገባሉ፤ ሰባቱም ክቦች ተሞክረው ካልተፈረመባቸው ውሉ አይታደስም። ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

የምትሞክርለት እትዬ አመተ ማርያም ነበረች፤ ካርድ ክፍሉን ሃያ ዓመት የያዘች ሴት። መጀመሪያ ወረቀት በጣት መጫኑ አሳቃት፤ ኋላ ግን ለመደችውና አምስቱን ክብ በሁለት ቀን ፈረመችለት። ስድስተኛውን ለሐሙስ አቆይተው ወደ ሰባተኛው ሲያልፉ ችግር መጣ። ሰባተኛው ክብ ላይ እናት ትመጣለች፣ ልጄ ሞተብኝ ትላለች፣ ካርዱ ይዘጋል። ደምሌም እርስዎ እናትየዋን ሆነው ይሞክሩልኝ አላት።

እትዬ አመተ ማርያም ጣቷን ሰበሰበች። «አታሟርት ልጄ» አለችው።

ደምሌ ግራ ገባው። የውሸት ልጅ ነው፣ ከጭንቅላቴ ያመጣሁት ነው ብሎ አስረዳ፤ ከእናትየዋ ወደ ክቡ የሚሄደውን ቀስትም አሳያት። እሷ ቀስቱን ትኩር ብላ አየችና፣ እናት እንዲህ ብላ ትመጣለች ብሎ ማን እንደነገረው ጠየቀችው። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ኮምፒውተሩ እንጀራዬን ይነጥቀኛል ብላ ፈርታ ነው ብሎ ደመደመ፤ እልህም ያዘው።

ሐሙስ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። እትዬ አመተ ማርያም ቅዳሴ ስለሄደች ስድስተኛውን ክብ ብቻውን ሊሞክር ተነሣ፤ የክትባት ቀን ያለፋቸውን ልጆች ስም መጥራት ነው። ለሙከራ የሚሆን ካርድ ሲፈልግ ከመደርደሪያው ኋላ አንድ ሣጥን አገኘ። ሣጥኑ ሙሉ ካርድ ነው፤ ደርዳሪ የለው፣ ፈላጊ የለው። የተረሳ መሰለው። እንግዲህ ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ! ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ካርድ ያልጠፋባት ሴት አንድ ሣጥን ትረሳለች? ከላይ ያለውን አንሥቶ እናቶቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ወጣ።

«ቃልኪዳን ጥጋቡ! ለሁለተኛው ክትባት ያልመጣች!»

ማንም አልተነሣም። ያልሰሙት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ያኔ ለእርግዝና ክትትል የመጣች ውብነሽ የምትባል ሴት ቀስ ብላ ተነሣችና እናቷ እኔ ነኝ አለች። ደምሌ ደስ አለው፤ ሙከራው ሠራለት። ልጅቷን ለምን እንዳላመጣቻት ጠየቃት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ደምሌ የእነሱን ፊት አየ፣ የውብነሽን ባዶ ጀርባ አየ፤ አሁንም አልገባውም።

«ብትኖር አመጣት ነበር» አለች ውብነሽ።

ደምሌ ክው አለ። እትዬ አመተ ማርያም ከቅዳሴ ስትመለስ እንደቆመ አገኘችው። ካርዱን ከእጁ ወስዳ ከነጠላዋ ሥር አደረገችና ውብነሽን አቅፋ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ደምሌ አንገቱን ደፍቶ ካርድ ክፍል ገባ። እናቶቹ ካልነገሩዎት በምን ያውቃሉ ብሎ ጠየቃት።

«ለብቻዋ ትመጣለች። ጀርባዋን አያለሁ፤ ካርዱን አንሥቼ ከኋላ ያለው ሣጥን ውስጥ አኖራለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንን ስም አልጠራም።»

ደምሌ ላጲስ አወጣና ከእናትየዋ የሚነሣውን ቀስት አጠፋ። አዲሱን ከካርድ ያዧ አስነሥቶ፣ ካርዱ ያለ አንድ ቃል እንዲነሣ፣ ስሙም ከሚጠሩት መሐል እንዲወጣ አድርጎ ሣለው። ከዚያ ስድስተኛውን አስፈርሞ የሰባተኛውን የሙከራ ወረቀት ሊሞላ ተቀመጠ። የልጁ ስም በሚለው ቦታ ላይ የውሸት ስም መጻፍ ነበረበት። አንዱን ስም አሰበ፤ ለሚወለደው ልጁ የመረጠው ሆነበት። ሌላ አሰበ፤ የእህቱ ልጅ ስም ነው። እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

እትዬ አመተ ማርያም ጥቂት ጠበቀችው። ኋላ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን ባዶው የስም ቦታ ላይ ጫነች፤ ስም ሳይጻፍበትም ፈረመችለት።