አንድ ስንዝር

ፒካፑን ከፍ እናድርገው ያለው የባሌ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። ባለፈው ክረምት ባሌ ወንዙን ሲሻገር፣ መኪናው መሻገሪያው መሃል ባለው አለት ላይ በሆዱ ተቀመጠ። ሊያላቅቀው ወረደ፤ ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ውሃ መጥቶ ወሰደው። መኪናው ከቦታው ፈቀቅ አላለም። በኋላ መኪናውን ጎትተው ያወጡት ሰዎች አንድ ስንዝር ከፍ ቢል ኖሮ ያልፍ ነበር አሉ። ለማጽናናት ይሁን ለወሬ፣ አላውቅም። እኔ ቦታውን ሄጄ አላየሁም።

ጭነን የምንሸጠው አሸዋ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ሌላ መንገድ የለም፤ ሁለቱ ቤት፣ የእኔና የባሌ እናት፣ ደግሞ ከእኔ የመምህርነት ደመወዝ ሌላ የሚተዳደረው በዚያው አሸዋ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ወንድሙ ይህንኑ ሐሳብ ሲያመጣበት፣ «ከፍ ያለ መኪና ከፍ እንዳለ ሰው ነው፤ መዞሪያ ላይ ይወድቃል» እያለ ይስቅበት ነበር። አሁን የሚስቅበት ስለሌለ ፒካፑ ጋራዥ ገባ።

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ዝምተኛው» ይለዋል፤ አፉ አርፎ ስለማያውቅ። ከባሌ ጋር ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። በጋራዡ ባሌ ያወጣው አንድ ደንብ ነበር፦ ፍሬን የነካ ሰው መኪናው ሲፈተሽ በመጀመሪያው ቁልቁለት ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጣል። ዝምተኛው፣ «ከዚህ ደንብ ወዲህ ብሎን ሳጠብቅ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ» ይላል።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ጎራ እላለሁ። የኋላው በክሪክ ተነስቶ ግንድ ላይ አርፏል። ድካም ያጎበጠውን ባሌስትራ፣ ያን ተደራራቢ የብረት ሞላ፣ አውርደው ከእሱና ጎማዎቹን ከሚያገናኘው አክስል መሃል ወፍራም ብረት አስገቡ፤ የሚያስሩትን ብሎኖችም በረጃጅም ለወጡ። የፊቱንም እንደዚያው። ዝምተኛው ስንጨርስ ለመሳፈር መሰላል እንደሚያስፈልገኝ፣ መሰላሉን ግን ለብቻ እንደሚያስከፍለኝ ነገረኝ። ከዚያ ጎማውንና ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ አሳየኝ። ድሮ ጣት የማያስገባ ነበር። እጄን ዘርግቼ ከተትኩት፤ ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ልክ ሆነ።

አማቴ በየቀኑ እየመጡ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሥራውን አልተቃወሙም፤ አላመሰገኑምም። የቀራቸው ወንድ ልጅ ዋርሳዬ ብቻ ነው።

ነገር የመጣው በፍሬን ቱቦው ነው። ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጽም፣ ወደ ኋላው አክስል የሚወርደው ቱቦ መኪናው ከፍ ሲል አጠረ፤ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጠረ። ረጅም ቱቦ ተገዝቶ መጣ። አሮጌውን ግን ባሌ የጭስ መውጫው እንዳያቃጥለው በመዳብ ሽቦ ጥምጥም አድርጎ አስሮት ነበር፤ በዚያ መኪና ላይ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ነው። ዝምተኛው ፒንሳውን ሲያነሳ አማቴ ከተቀመጡበት ተናገሩ።

«የልጄ እጅ ያሰረውን ማንም አይፈታውም።»

ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ቱቦው ካልተለወጠ መኪናው አይሄድም፤ የፈለጉትም እሱን ነው። የቀረውን ልጃቸውን የሚያስሩበት ሌላ ገመድ አልነበራቸውም። ዋርሳዬ ግን እጁን ጠራረገና፣ «እሺ እማዬ፣ አይነካም። እንዳለ እሄድበታለሁ። ወንድሜ ያሰረው አይከዳኝም» አለ።

ዝምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ጠጋ ብዬ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ቱቦው ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት።

«ይበጠሳላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁልቁለት ነው፣ ቲቸር።»

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ከመኪናው ስር ገባሁ። ዋርሳዬ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ ዲግሪዬ ግሪስ እንደሚነካው ነገረኝ፤ ድምፁ ግን አልሳቀም። ሽቦውን እንደማንኛውም ሽቦ ወደ ግራ ባዞረው ይብስ ጠበቀ። ባሌ ግራኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመታችን የሱን ቋጠሮ መፍታት እያቃተኝ ስንት ገመድ ቆርጫለሁ። ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ሳይበጠስ ተፈታ።

ስወጣ አማቴ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንዱን ወንዝ በላብኝ። የዚህን መንገድ ደግሞ አንቺ ትጠርጊለት?»

«እኔም እንዲሄድ አልፈልግም፣ እማዬ። ከሄደ ግን ፍሬን ይዞ ይሂድ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሽቦውን ሰጠኋቸው፤ በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሩት። አዲሱ ቱቦ ገባ። ዝምተኛው እንደ ደንቡ ሊሳፈር በሩን ሲከፍት አማቴ ክንዱን ያዙት።

«የፈታችው እሷ ናት። እሷ ትቀመጥ።»

«የገጠምኩት እኮ እኔ ነኝ» ብሎ ሳይጨርስ ገባሁ።

ከፍ ብለው ሲቀመጡ መንገዱ ሌላ ይመስላል፤ የሰዎች ራስ እንጂ ፊት አይታይም። ዋርሳዬ ቁልቁለቱ ላይ ደጋግሞ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ሳያንገራግር ቆመ። ወንዙ ዳር ስንደርስ እንመለስ ወይ አለኝ። በጋ ስለሆነ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። አለቱ መሃል ላይ ነው፤ ተራ አለት፣ ጫፉ ላይ የፒካፑ ቀለም ተፍቆ የቀረበት።

«ፍሬኑ ይይዛል፤ ቀጥል» አልኩት።

ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ብረት ሲፋቅ ለመስማት ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም። ማዶ ወጣን። ዋርሳዬ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ።

«አለፈ እኮ፣ እትዬ። እንዲሁ አለፈ።»

በሩን ከፍቼ አሸዋው ላይ ወረድኩ።

ባዶ እጁን መመለስ አልፈለገም፤ አካፋ አውጥቶ መጫን ጀመረ። ከኋላው ጎማ አጠገብ ተንበርክኬ እጄን እንደዚያ ቀን ጎማውና ቆርቆሮው መሃል ዘረጋሁ። አሸዋው በገባ ቁጥር ቆርቆሮው ይወርዳል። ጣቶቼ መታጠፍ ጀመሩ።

«ይበቃል።»

«ኧረ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ይሄማ ለነዳጁም አይሆን» አለና ጨመረ።

እጄን አላወጣሁም። «ጨምር እንግዲህ። እጄ እዚህ ነው።»

አካፋውን እንደያዘ ዞሮ መጣ፤ እጄን አየ። ከዚያ አካፋውን አሸዋው ላይ ተክሎት ሄዶ ወንዙን ሲያይ ቆየ።

በግማሽ ጭነት ተመለስን። መሃል ላይ አለቱ ከስራችን አንዴ ጫር አደረገን። ዋርሳዬ ነዳጅ ሰጠ። ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን።