ሰማዩ እየበዛ ሄደ

ዐውደ ርእዩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የአዳራሹ ቁልፍ ጠፋ። እርግጥ አልጠፋም፤ ፋሩቅ ኪስ ውስጥ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ፋሩቅ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሦስት መቶ መጽሔት የታጨቀባቸው ካርቶኖች ላይ ተቀምጬ ዘበኛውን አፈጥበታለሁ። ዘበኛው «ኢንሻአላህ ይመጣል» ይለኛል። የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ፊቴ ላይ ይደፋዋል።

ሥዕሎቹን የሚያብራራው መጽሔት የእኔ ነው። ጀርመን አገር ላይፕዚግ ስድስት ዓመት የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምሬ ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሰው እጅ የሚገባ ሥራ ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ የሚስማርና የቧንቧ ሱቁ ውስጥ ለገባ ደንበኛ ሁሉ «ልጄ እናትአለም ሥዕል ነው የተማረችው» ይላል። ደንበኛው «እስቲ እኔን ሳዪኝ» ይለኛል። መሳል አልችልም። ሌላ ሰው የሳለውን ነው የማብራራው። ይህን ስናገር ደንበኛው አባቴን በሐዘኔታ ያየዋል፤ አባቴም ሚስማር መመዘኑን ይቀጥላል። ማታ ማታ እኔም ራሴ ስድስቱ ዓመት ለምን እንደሆነ ግራ ይገባኛል። ስለዚህ ይህ መጽሔት ትክክል መሆን ነበረበት።

የጻፍኩት ስለ ሃርላን ፔቲት ነው። ሃርላን ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ነብራስካ በሚባል የአሜሪካ ሜዳማ አገር የገበሬ ልጅ ሆኖ አደገ። በወጣትነቱ የሳላቸው የእህል ጎተራዎችና አጥሮች ፎቶ ይመስላሉ፤ ጣውላው ላይ ያለው ሚስማር ሳይቀር ይታያል። በ2011 ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥዕል ሊያስተምር ለሁለት ዓመት መጣ። ሁለቱ ዓመት አለቀ፤ እሱ ቀረ። የከተማው ሰው ቁመቱን አይቶ ዴሬ፣ ማለትም ረጅሙ፣ ብሎ ሰየመው።

መጀመሪያ የባቢሌን ድንጋዮች ሳለ። ከዚያ ከሃርተሼክ ማዶ ያለውን ሜዳ ያዘና ሌላ ነገር ተወ። የመጀመሪያዎቹ የሜዳ ሥዕሎች ጢም ያሉ ናቸው፦ ግመሎች፣ ግራሮች፣ ዝናብ የሚጠራቀምባቸው ብርካዎች፣ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች። በ2013 ግመሎቹ ጠፉ። በዓመቱ ብርካዎቹ ጠፉ። ቀጥሎ ዛፎቹ። አሁን የሚስለው ከታች ቀጭን የመሬት መስመር፣ ከላይ ሰማይ ብቻ ነው። እኔም «ከሙላት ወደ ባዶነት» የሚል አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሜዳው ሰውዬውን መተውን አስተማረው፤ የገበሬው ልጅ መቁጠሩን ረስቶ ማየት ጀመረ፤ እንዲህ እያልኩ።

ለሃርላን ሳነብለት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«ቆንጆ ነው» አለ።

«ትክክል ነው ወይ?»

«ጃማን ጠይቂው።»

ጃማ ሹፌሩ ነው። ስለ አሣሣል ለውጥ ሹፌር የምጠይቅበት ምክንያት አልታየኝም። ሥዕሎቹንም ከጃማ ጋር ሆኜ እንድመርጥ ነግሮኝ ነበር፤ ጃማ ግን ጭነት ይዞ አይሻ ወርዶ አራት ቀን ቀረ። ብቻዬን መረጥኩ፤ ብቻዬን ሰቀልኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ጃማ ላንድክሩዘሩን አዳራሹ በር ላይ አቆመ። ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ፋሩቅን የት አገኘኸው?»

«ቤቱ። ስብሰባው ከሚስቱ ጋር ነው። ነይ አባዮ፣ ነይ እህቴ፣ ክፈቺና እንይልሽ።»

ጃማ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ግድግዳውን ተከትሎ ሄደ። ትልቁ ሥዕል ፊት ሲደርስ ቆመ። ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ የ2012 ሥራ፣ ግመሎች ከኮረብታ ሲወርዱ።

«ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እኔ።»

«አውርጂው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የሜዳው ሽማግሌ የሐጂ ማሃድ ግመሎች ናቸዋ! እያንዳንዷን አውቃታለሁ። ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው፣ ያቺ ነጯ። ሐጂ ነገ ይመጣሉ፣ ዴሬ ራሱ ነው የጠራቸው። የሰው ግመል ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ መንገደኛ ሁሉ እየመጣ ይቁጠርላቸው?»

«ማን ይቆጥራል?»

እንደተናገርኩ ዓይኔ ወደ ካርቶኖቹ ሄደ። ጃማ አየኝ።

«አባዮ፣ ምን አደረግሽ?»

ካርቶኑን ቀድጄ መጽሔቱን ሦስተኛው ገጽ ላይ ገለጥኩለት። ጃማ አማርኛ እንደ ውኃ ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ቁጥር ያውቃል። «43 ግመሎች» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈና ግንባሩን መታ።

«በማተሚያ! ወላሂ፣ እኔ የገዛ ወንድሜን ግመል ስንት ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። አንቺ አስልተሽ ታድያለሽ? ነገ አንዷ ብትሞት የማን ዓይን ነው ይባላል?»

«ሥዕል እኮ ነው!»

«ታዲያ ለምን ቆጠርሽው?»

ተቀመጥኩ። ጃማ ሻሂ በግመል ወተት አስመጣና ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነገረኝን፣ ላይፕዚግም የማያውቀውን፣ በአንድ ብርጭቆ ጊዜ ጨረሰው። ሐጂ ማሃድ ይህን ሥዕል ሜዳ ላይ ሲያዩት ተቆጥተው ነበር። ሃርላን እንደማይሰቅለውና ግመል ዳግመኛ እንደማይስል ቃል ገባ። ከዚያ የብርካ ባለቤቶች መጡ። ብርካው ሥዕል ላይ ከገባ ማን ቆፈረው፣ መሬቱስ የማን ነው የሚል ይነሳል፤ አንዱ ፎቶ አንስቶ ሽማግሌ ፊት ያቀርበዋል። ብርካውን ተወ። ቀጥሎ ትልቁ ግራር። ሁለት ቤተሰቦች ከሥሩ ተቀምጠው ያልጨረሱት የወሰን ጉዳይ ነበራቸው፤ አንዱ ዛፉን ወደ እኛ አስጠጋው ይላል፣ ሌላው ወደ እኛ። ግራሩንም ተወ።

«ከዚያ ሰማይ ያዘ» አለ ጃማ። «በሰማይ ማን ይከስሃል?»

ሃርላን ከምሳ በኋላ መጣ። ደጃፉ ላይ ያዝኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጃማን ጠይቂው አልኩሽ እኮ።»

«አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ! ባዶነት፣ መተው፣ ምናምን! ሁሉም ጎረቤት አትሳል ስላለህ ነው?»

አሰበበት። «ሁሉም አይደለም። ዓይኔም ደክሟል። እሱንም ጻፊው።» ከዚያ ትልቁን ሥዕል በበሩ በኩል አየና ፊቱ ተለወጠ። «እናትአለም፣ ሐጂ ከተቀየሙ ሜዳው ላይ የምቆምበት ቦታ የለኝም። መሬቱ የዘመዶቻቸው ነው። እንግዲህ ስንት ዝናብ ይቀረኛል?»

ለምኖኝ አያውቅም ነበር። መቆጣት አማረኝ፤ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ።

ሥዕሉን ከጃማ ጋር አወረድነውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን ጓዳ አስገባነው። ከዚያ ከአባቴ ሱቅ ሁለት ጥቁር ማርከር አስመጥቼ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ሦስት መቶ መጽሔት ላይ አርባ ሦስትን መሰረዝ ጀመርን። ጃማ በየሃያው ያጉረመርማል።

«ሌላስ የቆጠርሽው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሰማዩን አልቆጠርሽም?»

«ጃማ፣ ሰርዝ።»

ሦስተኛው ገጽ ስለ አንድ የሌለ ሥዕል የሚያወራ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ጠባሳ ያለበት ገጽ ሆነ። የቀረው አሥር ገጽም ውሸት መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ አልመሰለኝም፤ ሰማዮቹ እንደሆኑ እዚያው ነበሩ፣ የትኛውም ግመል ያለበት ሥዕል አጠገባቸው አይደርስም። ሰው በተከለከለው ልክ ሊሻሻል ይችላል ማለት ነው? ይህን የሚያስተምር ክፍል አልገባሁም።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንግዶች ገቡ። ፋሩቅ ቁልፉን የጠበቀው እሱ እንደሆነ በንግግሩ አነሳ። አባቴ የሠርግ ኮቱን ለብሶ አንዱ ሰማይ ፊት ቆሞ፣ «ይሄ መቼ ያልቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐጂ ማሃድ ጢማቸውን ሒና ተቀብተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሰማዮቹን አንድ በአንድ አዩ። ባዶው ሚስማር ጋ ሲደርሱ ቆሙና በሶማሊኛ ጠየቁ።

«እዚህ ምን ነበር ይላሉ» አለ ጃማ፤ በዓይኑ «ምንም በያቸው» እያለኝ።

ሃርላን በሩ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን ያጥፋል። «ምንም» ማለት እችል ነበር። ግን የሌለ ነገር ስናገር መክረሜ ሰልችቶኛል።

«የእርስዎ ግመሎች ነበሩ። እኔ ነኝ የሰቀልኳቸው፤ ሃርላን አያውቅም። አውርጃቸዋለሁ።»

ጃማ ተንፍሶ ተረጎመ። ሽማግሌው አጭር ነገር ተናገሩ።

«ስንት ነበሩ ይላሉ።»

«አልቆጠርኩም።»

ሐጂ መጽሔቱን ከእጄ ወሰዱ። ገጾቹን በእርጋታ ገለጡ፤ ጥቁሩ ላይ ደረሱ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ማርከሩ የአባቴ ሱቅ ማርከር ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ቀለሙን ረግሜ፣ አባቴን ረግሜ፣ ላይፕዚግን ረግሜ ሳልጨርስ ሐጂ መጽሔቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ሃርላን ዞሩ፤ ጃማ ይተረጉምልኛል። ዝናብ ጥሏል፣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ ዴሬ መቼ ነው የምትመጣው? አሉት። ሃርላን በተሰባበረ ሶማሊኛው ቅዳሜ አለ። ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

ሐጂ ሲወጡ ለጃማ አንድ ነገር በጆሮው ሹክ አሉት። ጃማ ግድግዳ ይዞ ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«ተሳስታለች ነው የሚሉሽ።»

«በስንት?»

«እሱንማ አይናገሩም፣ አባዮ።»