እዚያው ነው ያስቀመጥኩት

የኮምፒውተር ባለሙያው አርታኢዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ከኋላው ቆማ፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሲገፋ ያያሉ። በአሳታሚ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ኮምፒውተሮች እንደ ኤሊ መጎተት ከጀመሩ ወር አልፏቸዋልና፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በየተራ ከማያስፈልግ ፋይል እየጸዱ ነው። የእሷ ተራ ሲደርስ የከፈተችውን ሁሉ ዘግታ ተነሥታለታለች።

ስልኳ ጮኸ። የአዋላጇ ልጅ ነበረች።

አዋላጇ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያዩትን ጻፉ። ረቂቁን ልጃቸው በኢሜይል ላከችው። ከዚያ ለአሥራ አንድ ቀን፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ እሳቸው በስልክ እየተናገሩ አርታኢዋ ስትጽፍ ከረመች። ማረም ብለው ጀምረው ግማሹን መጽሐፍ እንደ አዲስ ተናገሩት። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ግን ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ።

«እህቴ፣ ያረማችሁትን ትልኪልኛለሽ?» አለች ልጅቷ። «ሐኪሙ የምታውቀውን ነገር አንብቡላት ብሏል። ከዚህ የበለጠ የምታውቀው ነገር የለም።»

«አሁኑኑ።»

በባለሙያው ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ኢሜይሉን ከፈተች፤ ከኢሜይሉም ፋይሉን። የመጣው የድሮው ረቂቅ ነበር። ገጽ ገለጠች፤ ያው ነው። አንድም እርማት የለም። ክው አለች።

«የት ነው ያስቀመጥሽው?» አለ ባለሙያው።

«እዚያው ነው ያስቀመጥኩት። በየሁለት መስመሩ ሴቭ አደርጋለሁ።»

ይህስ እውነት ነው። ስታስነጥስ እንኳ ሴቭ ታደርጋለች እያሉ ባልደረቦቿ ይስቁባታል።

«እዚያው የት?»

«የመጀመሪያ ቀን ከኢሜይሉ ላይ ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፕሮግራሙ ራሱ ከሚደረድርልኝ የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ላይ እጫነዋለሁ።»

ባለሙያው ፈጥኖ ጽዳቱን አቋረጠው። መስመሩ ከግማሽ አልፎ ቆመ።

«ዝርዝሩን መጀመሪያ ነው ያጠፋሁት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኢሜይል ላይ በቀጥታ የከፈትሽው ነገር ደግሞ የሚቀመጠው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው። አሁን የምጠርገው እሱን ነበር።»

ሌላ ሥራ ቢሆን ፊቷን አጥቁራ ደግማ ትሠራው ነበር፤ ይህን ግን የተናገሩት ሴት ከእንግዲህ አይናገሩም። በራሷ ተናደደች፤ ምንም ባላጠፋው ሰውዬም ተናደደች።

«አለሽ?» አለች ልጅቷ በስልኩ።

«አለሁ። ትንሽ ታገሺኝ።»

ከጽዳቱ የተረፉት ፋይሎች ስማቸው የፊደልና የቁጥር ዝባዝንኬ ነበር። ባለሙያው በቀን ደረደራቸው። እሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች ወረደች። ሰኞ። ማክሰኞ። ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ።

«ይሄን እስኪ።»

ተከፈተ። የአዋላጇ ቃል በሙሉ፣ በቀይ ተጽፎ፣ እዚያው ነበረ። እንባዋ መጣ፤ ባለሙያው እንዳላየ ሆኖ ወደ ኪቦርዱ አቀረቀረ።

«እንዳትዘጊው» አለ፣ ከወንበሩ እየተነሣላት። «መጀመሪያ በሌላ ስም፣ በራስሽ ፎልደር አስቀምጪው። ቀጥሎ ፍላሽ ላይ። ከዛሬ ወዲያ መጀመሪያ አውርጂ፣ ቦታ ስጪው፣ ከዚያ ክፈቺ። ራስሽ አድርጊው፤ እኔ ባደርግልሽ ትረሽዋለሽ።»

እንዳላት አደረገች። ፍላሹንም ነቅላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ኪሷን እንኳ አላመነችም።

«አገኘሁት። ልላክልሽ?»

ልጅቷ ሐሳቧን ቀየረች። «አንቺ ብታነቢላት ይሻላል። ድምፅሽን ለምዳዋለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርገዋለሁ።»

አርታኢዋ ተቀመጠች። ባለሙያው እግሩን ሳያሰማ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፍታ ማንበብ ጀመረች።

«እናትየዋ ደክማለች፤ እኔም ደክሜያለሁ። ሕፃኑ እጄ ላይ ወጣ፤ አላለቀሰም። አፉን ጠረግሁለት፤ ዝም። ጀርባውን አሸት አሸት አደረግሁት፤ አሁንም ዝም። ከዚያ…»

ጽሑፉ እዚህ ላይ አለቀ። ረቡዕ ዕለት አዋላጇ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ የቀረውን ነገ ብለው እንደተሰናበቷት ትዝ አላት።

ከወዲያ በኩል ከባድ ትንፋሽ ይሰማል።

«ለምን አቆምሽ?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ዓይኗን ገልጣለች እኮ። እጄን ጨምቃ ይዛኛለች። ቀጥዪ።»

አርታኢዋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አኖረች።

«እማማ፣» አለች፣ «እየጻፍኩ ነው። ከዚያስ?»