የረሺዳ የሮብ ፓስታ

አብዱራህማን በይጁቤ ከተማ ገበያ ዳር የፋብሪካ ፓስታ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በእጁ ሲሠራ ግን ይህ ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን የሰፈሩ ውሻ እንኳ አሽትቶ አልፏቸዋል።

ሚስቱ ረሺዳ ሮብ ሮብ ሊጥ አሽታ ፓስታ ትሠራ ነበር። «ሱቅ ሙሉ ፓስታ እያለ ምን አደከመሽ?» እያለ ይቀልድባታል። እሷ ስቃ ማሸቷን ትቀጥላለች። ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ድርሻው ተከድኖ ይቆየዋል፤ በልቶ ይተኛል። ከሞተች ስምንት ወር ሆነ። መልኳ ፎቶ ላይ፣ ድምጿ ስልኩ ውስጥ አለ፤ የጠፋበት ያ ጣዕም ነው። እሱን ካገኘ ቤቱ ለአንድ ቀን እንኳ ቤት የሚሆንለት መስሎታል።

ዛሬም ሮብ ነውና ሱቁን በጊዜ ዘጋ። በስልኩ ያያት ምግብ አብሳይ እንቁላል ግድ ነው ስላለች በመጀመሪያው ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት አግብቶ ነበር፤ አሁን ፉርኖ ዱቄቱ ላይ አራት ሰበረ። አሸ፣ በጠርሙስ ዳመጠ፣ በቢላ ቆራረጠ። ግማሹ እንደ ጣት ወፈረ፣ ግማሹ እንደ ክር ቀጠነ። ቀቅሎ በስልስ ለወሰና ቀመሰ። ይበላል፤ የረሺዳ ግን አይደለም። ሰው ለፓስታ ያለቅሳል? አብዱራህማን አለቀሰ።

ፊቱን ታጥቦ፣ ሳህኑን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። እትዬ ወለተ ሚካኤል ረሺዳን እንደ እኅት የሚወዱ ባልቴት ናቸው።

«እትዬ፣ ይቅመሱልኝና ምን እንደጎደለው ይንገሩኝ።»

አዩት እንጂ አልነኩትም። «እንቁላል አለበት እንዴ?»

«አራት።»

«አያ አብዱራህማን፣ ዛሬ እኮ ሮብ ነው፤ ጦም!»

አፈረ። ሳህኑን መለስ ሲያደርግ ሳቁበት።

«ደግሞስ የጎደለው የለም፤ የበዛበት ነው እንጂ። ረሺዳ እንቁላል መች ታገባ ነበር! ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ጠብታ ዘይት። በቃ።»

«ለምን?»

«ለእኔ ብላ ነዋ! ሮብ ሮብ አብረን ነበር የምንበላው። እርስዎ ሱቅ ነዎት። ‹ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም› ትለኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጦም ምግብ ሲበላ ኖሮ አላወቀም፤ ይህስ ያስቃል። ብቻዋን እንደነበረች አለማወቁ ግን ቆጨው። አንድም ሮብ ሱቁን በጊዜ ዘግቶላት አያውቅም። ዛሬ ዘጋው፣ ለማን?

«እንግዲያው ያለ እንቁላል ልሥራና አብረን እንብላ» አለ።

«እኔስ ቀደም ብዬ በላሁ፤ ለሚመጣው ሮብ ያድርሰን» አሉት።

ቤቱ ገብቶ እንደ አዲስ አቦካ። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ጠብታ ዘይት። ሲበስል ከልማዱ ውጭ ሁለት ሳህን አወጣ፤ አንዱን መልሶ አስቀመጠ። ተቀመጠና ጎረሰ።

ራሱ ነው። የረሺዳ ነው።

ሁለተኛው ጉርሻ ግን አልወርድ አለው።