አልይዝ ያለው የሽንኩርት አበባ

ስመኘው ያን ሰሞን መቀመጥ አልሆንለት አለ። ከጅጋ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ባለው መሬቱ፣ በመስኖ ለዘር የሚሆን ሽንኩርት አልምቶ ነበር። የካቲት ሲገባ ማሳው ነጭ በነጭ ሆነ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ አደነቀለት። እሱን ግን አንድ ነገር ቅር ብሎታል። ምን እንደሆነ የነገረችው ሚስቱ ያምሮት ናት።

«ድምፅ የለም እኮ» አለችው ቦይ እየቀየረች። «ይህ ሁሉ አበባ ሞልቶ አንዲት ንብ የለችም።»

ስመኘው ንቦቹ የት እንደሄዱ ያውቃል። ጎረቤታቸው አያ ይርሳው አምስት ቀፎ ነበራቸው። በመኸር ንቦቹ የስመኘውን በሬ ነድፈው ለሞት አፋፍ ሲያደርሱት፣ «ወይ ይነሱልኝ፣ ወይ እንካሰሳለን» ብሎ ለሽማግሌ ከሰሳቸው። አያ ይርሳው አልተከራከሩም። ቀፎዎቹን ደምበጫ አጠገብ ወዳለችው ልጃቸው ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። የቀሩትን የዱር ንቦችና ዝንቦች ደግሞ ስመኘው ራሱ ለተባይ ብሎ በጠራራ ፀሐይ የረጨው መድኃኒት ፈጃቸው።

በማግስቱ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሠርክአዲስ መጣች። ቀድሞ ያበበውን አንዱን ቆርጣ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ውስጡ ባዶ ነው።

«አልያዘም» አለች።

«ማዳበሪያ ልጨምር?»

«ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል? የሽንኩርት አበባ ብናኙ ቀድሞ ይረግፋል፤ ዘር የሚይዘው ክፍሉ የሚደርሰው በኋላ ነው። ከሌላ አበባ ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ወይም ዝንብ ካላገኘ እንዲሁ ይደርቃል።»

ስመኘውና ያምሮት በነጋታው ማልደው ወረዱ፤ አንዱን አበባ ከሌላው ጋር በእጃቸው እያሻሹ ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ ሁለት መስመር እንኳ አልጨረሱም። ያምሮት ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ይህ በእኛ እጅ አያልቅም። ሂድና ለምናቸው።»

ሄደ። ከአያ ይርሳው ደጅ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ፤ አጥር ሲያጥሩ አገኛቸው።

«አያ፣ ልለምንዎ ነው የመጣሁ።»

«እኔን? ምን አለኝና?»

«ንቦቹን ይመልሱልኝ። አጥፍቻለሁ።»

አያ ይርሳው የያዙትን ልጥ አጥብቀው አሰሩ።

«በሬህስ?»

«ወንዙን አሻግሬ አስረዋለሁ።»

«መርዝህስ?»

«አበባው እስኪያልፍ አልረጭም።»

«ተባዩ ቢበላብህስ?»

«የበላውን ይብላ።»

«እንግዲያ ነገ አብረን እንሄዳለን። ተሸካሚው ግን አንተ ነህ።»

በማግስቱ ከልጃቸው ቤት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንቦቹ ገብተው ሲያበቁ፣ ከአምስቱ የሦስቱን ቀፎ አፍ ደፍነው በኪራይ መኪና ጫኑ። ስመኘው ከኋላ ተቀምጦ እንዳይናወጡ አቅፏቸው መጣ። ጩኸታቸው ደረቱ ድረስ ይሰማዋል። ይፈራል፤ ግን አልለቀቃቸውም።

ጠዋት ከማሳው ዳር ቀፎው ሲከፈት ንቦቹ በአበባው ላይ አልፈው ማዶ ወዳለው ባሕር ዛፍ ነጎዱ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ስመኘው እህል አልበላ አለው። ከዳር ዳር ሲመላለስ ዋለ።

«አያ፣ ሽንኩርቱን አልወደዱትም።»

«ቁጭ በል! አገሩን እስኪለምዱ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ያምሮት ጠራችው። ማሳው ይጮሃል። በየአበባው ላይ ንቦቹ እግራቸው በብናኝ ቢጫ ሆኖ ይርመሰመሳሉ። ስመኘው ሳያስበው እንባው መጣ።

በዚያው ሳምንት፣ ደረሰ የሚባለው የላይኛው ማሳ ባለቤት በቀትር የመድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዝሎ ብቅ አለ። ስመኘው ቦዩን እየዘለለ፣ እየጮኸ ሮጠ።

«ደረሰ! በሞቴ፣ አሁን አትርጭ! ንቦቹ ወጥተዋል!»

«ቲማቲሜ ሊያልቅብኝ እኮ ነው!»

«ማታ ሲገቡ እረጭልሃለሁ። እኔው ራሴ።»

ደረሰ እየሳቀ መርጫውን አወረደ። ስመኘው ግን አልሳቀም፤ እስኪመሽ ከማሳው ዳር አልተነሣም። ከዚያ በቃሉ መሠረት መርጫውን ራሱ አዝሎ ረጨ።

ሚያዝያ ላይ ዘሩ ተወቃ። ቀድሞ ያበበው ገለባ ብቻ ሆነ። ዘግይቶ ያበበው ግን ጥቁር፣ ድፍን ዘር ሰጠ፤ ተስፋ ካደረገው እኩሌታው ቢሆን ነው። ስመኘው ከዚያው በቅል ሞልቶ ለአያ ይርሳው ወሰደላቸው።

«ደምበጫ የቀሩትን ሁለቱንስ መቼ እናምጣቸው?» አላቸው፣ ገና ሳይቀመጥ።