የአዴ ጋዲሴ ምርቃት

ሃዋኒ አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለውን የገለታን ሱቅ ዳግም አልረግጠውም ብላ ነበር። ችግር በቅቤ ያስበላል። ይኸው ዛሬ የሠርጓን ሲዲ በነጠላዋ ጠቅልላ የፈታችው ባሏ ደጅ ቆማለች።

ምን ታድርግ? ቤት ያለው የሲዲ ዴክ ከሞተ ቆይቷል። ፎቶ ቤቱ ሁሉ “በፍላሽ አምጪው” ይላታል። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሲዲ የሚጎርሱበት አፍ እንኳ የላቸውም። ሲዲ የሚያነብ አሮጌ ማሽን የቀረው፣ ድሮ ፊልም ሲያከራይ የኖረውና አሁን ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭነው ገለታ ዘንድ ብቻ ነው።

ሠርጉስ ገደል ይግባ። የምትፈልገው እናቷን ነው። አዴ ጋዲሴ አማቻቸውን ከልጃቸው አስበልጠው ይወዱት ስለነበር፣ ሃዋኒ ጥላው ስትወጣ ተቀየሟት፤ እንደተቀየሟትም ሞቱ። ሁለተኛ ባሏን ተድላን ስታገባ የእናት አፍ አልመረቃትም። በዚህ ዓለም የቀራት የእናቷ ምርቃት እዚህ ሲዲ ላይ ያለው ነው፤ ያኔ ደግሞ ስታለቅስ ቃሉን እንኳ አልሰማችውም፤ ሲዲውንም ዴኩ ደህና ሳለ ከፍታ አላየችውም።

ተድላ ይህን ያውቃል። ደግ ሰው ነው፤ ራሱ በባጃጁ አምጥቷት ውጭ ይጠብቃል። ደግነቱ ግን ጡሩምባውን ከመንፋት አላገደውም።

“አካም ጂርታ ሃዋኒ?” ሲል ሰላም አላት ገለታ።

ሲዲውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አገላብጦ አየው። ብርማው ሽፋን ጠርዙ ላይ ተልጧል። “ወደ ሚሞሪ ልገልብጠው፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ዓመት ይኖራል” አላት። ድሮም አንደበቱ ማር ነው። ባኮ ከተማ ሌላ ሴት አስቀምጦ “የበቆሎ ንግድ ነው” እያለ ሃዋኒን ዓመታት ያታለላት በዚሁ አንደበት ነው።

ማሽኑ አጉረመረመ። ድንኳኑ ታየ፤ ሙሽሪት አንገቷን ደፍታለች። አዴ ጋዲሴ ብድግ ብለው ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ።

“ሆራ ቡላ! ልጄ ሃዋኒ...”

ምስሉ ደርቆ ቀረ። ማሽኑ ተንቋቋና ጸጥ አለ። ገለታ ሲዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ወለወለው፣ መልሶ አስገባው። እምቢ አለ። ደግሞ ሞከረ። አሁንማ ማሽኑ ሲዲ መጉረሱንም ረሳው።

“የቀረውን እኔ አስታውሰዋለሁ” አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

“ምን አሉ?”

“‘ልጄ ሃዋኒ፣ ከፍቶሽ ብትመለሺም ደጄ አይዘጋብሽም። የትም ሁኚ፣ ከማንም ጋር ሁኚ፣ መርቄሻለሁ’ ነው ያሉት።”

ሃዋኒ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ይህን ቃል ስንት ዘመን ተርባዋለች! ቀና ስትል ግን ፊቷ ያለው ገለታ ነው። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ወንድሞቿ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፤ ሠርጉን የቀረጸው ልጅ እንኳ አገር ጥሎ ከሄደ ቆይቷል።

“ማልልኝ” አለችው።

“ማርያምን!”

ባኮ ማንም የለኝም ሲልም የማለላት በማርያም ነበር።

ጡሩምባው ደግሞ ተነፋ። ሃዋኒ ሲዲውን አንስታ እንባዋን ጠራርጋ ወጣችና ባጃጁ ውስጥ ገባች።

“አነበበ?” አላት ተድላ ዞር ብሎ።

አላነበበም ብትለው፣ ያን ቃል ከማን አፍ ሰማሁት ልትል ነው?

“አነበበ” አለች።

“እናትሽ ምን አሉ?”

የገለታን ቃል አንድም ሳታጎድል ነገረችው። ተድላ ራሱ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

“እሰይ! ለእሁድ ወንድሞችሽን እንጠራና የተገለበጠውን ከፍተን ከእናትሽ ከራሳቸው አፍ እናሰማቸዋለን” አለና ባጃጁን አስነሳ።