ታላቁ ራዕይ የተባለው ወንዝ

ያሳደገችኝ አክስቴ የምትኖረው ወንዙ ዳር ነው። የቱ ወንዝ እንዳትሉኝ፤ ስሙ ወንዙ ነው። እዚያ አገር ሌላ ወንዝ የለማ! ከብቱ ወንዙ ወርዶ ይጠጣል፣ ልብሱ ወንዙ ዳር ይታጠባል፣ አለቀ።

ካርታ የምነድፍበት መሥሪያ ቤት ግን ነገሩ አላለቀለትም። አለቃችን አንድ ቀን ካርታው ላይ ያቺን ሰማያዊ መስመር አዩና ስም የላትም ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ወንዙን በዓይኑ አላየም። መንገዱ ወገብ ይቆርጣል ተብሎ ስብሰባው ሆቴል ሆነ። እኔ እዚያው ተነሥቼ የአካባቢው ሰው «ወንዙ» ነው የሚለው ብል፣ «ይኼ ደግሞ ስም ነው?» አሉኝ አለቃችን። አዳራሹ በሙሉ ሳቀብኝ። ከሻይ በኋላ «ታላቁ ራዕይ» የሚለው በጭብጨባ ጸደቀ። ለአካባቢው ሰው ማን ይንገረው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለሌላ ኮሚቴ ተመራ። እሱ ኮሚቴ እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም።

ዝናቡ ሲበረታ ከላይ ጎርፍ እየወረደ መሆኑ ታወቀ። አክስቴ ስልክ የላትም፤ ያላት እኔ የገዛሁላት ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ቀኑን ሙሉ «በታላቁ ራዕይ ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ፈጥናችሁ ወደ ከፍታ ውጡ» ይላል። ክው አልኩ። በሩን ሳላንኳኳ አለቃችን ቢሮ ገብቼ፣ በፈጠረዎት «ወንዙ» ብለው ያስነግሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«የትኛው ወንዝ?» አሉኝ ተረጋግተው። «እንደዚያ የሚባል ወንዝ ካርታችን ላይ የለም።»

ጎርፉ መንደሩን ጠራርጎ ወሰደው። መሥሪያ ቤታችን ማስጠንቀቂያው በወቅቱና በትክክለኛው ስም መተላለፉን ገልጾ መግለጫ አወጣ፤ ተመሰገንንም።

አክስቴን ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ነው ያገኟት። ሐኪም ቤት ደርሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስቀመጥ እግሯ በጄሶ ታስሯል። ሬዲዮ አልሰማሽም ወይ አልኳት።

«ሰማሁ እንጂ የኔ ልጅ። የዚያ የታላቁ ራዕይ አገር ሰው አንጀቴን በላው። ጎረቤቶቼን ሁሉ ቤቴ ሰበሰብኩና እንጸልይላቸው ጀመርን።»

እንባዬ መጣ። ጎረቤቶችሽስ የት አሉ አልኳት።

«ውሃው ደጅ ሲደርስ ውጡ ብያቸው ነበር» አለች። «እነሱ ግን ለእነዚያ ምስኪኖች የጀመርነውን ጸሎት ሳንጨርስ አንነሣም አሉ።»